እግሩን አስቀድሞ

ጎበዜ ባሌን ከብስክሌት ላይ አስወረደው። ለሰማው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ከምግቤ ጋር ሳላምጠው የኖርኩት ነገር ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ። እኔ ቂሙንም ጸሎቱንም አንድ ላይ ይዤ ኖርኩ፤ ማንም መጥቶ ከእጄ አልወሰደልኝም።

ጎበዜ የባሌ የስሜነህ ታላቅ ወንድም ነው። ፊቱ ስቆም ጋሽ ጎበዜ፣ አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን ከሆዴ ነው የማወራው፤ በሆዴ ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንተ ነው።

መጀመሪያ የስሜነህን ወገብ ልናገር። ስሜነህ እዚህ እስራኤል፣ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ማህሳን፣ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ ሲጭን ሲያወርድ ነው የጎለመሰው። አንድ ቀን የወለል ንጣፍ የሞላበት ሳጥን ሲያነሣ ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም። ሲቆም እግሩ ይደነዝዛል፤ ሲቀመጥ ወገቡን በቢላ የሚቆርጡት ይመስለዋል፤ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ መንገዱ ባነጠረው ቁጥር ጥርሱን ነክሶ ላብ ያጠምቀዋል። ሐኪሙ «አትተኛ፣ ተንቀሳቀስ» ይለዋል። በምኑ ይንቀሳቀስ? ሕመሙ የሚተወው ጋደም ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ ተኛ። አሚሻቭ በሚባለው ሰፈራችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የመኝታ ቤታችንን ጣሪያ እያየ ከረመ።

መጀመሪያ ሰሞን ይቀልድ ነበር።

«ይታየሽ፣ እኔ ወልጄ ነው እንዴ የተኛሁት?» ይለኛል በስሜ ጠርቶ፣ ምሳውን አልጋው ድረስ ሳመጣለት።

«ገንፎውን ላገንፋው እንዴ ታዲያ?» እለዋለሁ።

በኋላ ቀልዱም ቀረ። ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ልጃችን ሊኦራ ከጦር ሠራዊት ለሰንበት ስትመጣ እንኳ እጇን ያዝ አድርጎ ዝም ነው። የጎረቤት ብስክሌት ተውሶ ሞክሮ ነበር። አጎንብሶ መሪውን ሲይዝ ወገቡ ጮኸበት፤ መንገዱን ሳይጨርስ ወርዶ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እኔ ነኝ ደግፌ ያስገባሁት።

ማህሳን ውስጥ አብሮት የሚሠራ ኤሊሻይ የሚባል መላጣ ሰው አለ፤ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል። እሱም በጦር ሠራዊት ጊዜ ወገቡ ተጎድቶ ነበር። አንድ ቀን ከሥር ሆኖ በዕብራይስጥ ይጮኻል፦

«ስሜነህ! ውረድ! አልጋ አምጥቼልሃለሁ!»

በረንዳ ላይ ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። እንደ ባሕር ዳር ወንበር ወደ ኋላ የተንጋለለ መቀመጫ ነው። ጀርባው መረብ ነው። ከፊቱ ረጅም ብረት ወጥቶ ጫፉ ላይ ፔዳል ተተክሏል። የፊቱ ጎማ ትንሽ፣ የኋላው ትልቅ። መሪው ደግሞ ከመቀመጫው በታች፣ ጭን አጠገብ ነው።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ብስክሌት ነው!»

«መኪና ወጥቶበት ነው እንዲህ የሆነው?»

ኤሊሻይ ሳቀብኝ። እሱ ሌላ አዲስ ስላገኘ ይህን ለስሜነህ ሊሰጠው ነው የመጣው። እኔ አልጋ ላይ ጎማ እንደማስገባት ነው የቆጠርኩት። ስሜነህ ግን ደረጃውን እየተንፏቀቀ ወረደ፤ መቀመጫው ላይ ተንጋለለ፤ እግሩን ወደ ፊት ዘረጋና ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ያመመው መስሎኝ ሮጬ ወረድኩ።

«ይታየሽ» አለ ቀና ብሎ፣ «አያመኝም።»

እኔ የማልዋሽ ሴት ስለሆንኩ የዚያን ነገር እንከን ሁሉ እናገራለሁ። ሲነሡ ይከብዳል፤ ስሜነህ እስኪለምደው ሁለት ክርኑ ተልጧል። ዳገት ላይ ፔዳሉን ቆመው አይረግጡትም፤ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ነው። ዝቅ ያለ ስለሆነ ሾፌር አያየውም፤ ለዚህ ነው ኤሊሻይ ከኋላው ረጅም ዘንግ ላይ ብርቱካንማ ባንዲራ የሰቀለለት። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ስለማይመች መስታወት አለው። ዝናብ ሲጥል የሚያርፈው ደረት ላይ ነው። ከርዝመቱ የተነሣ በደረጃው አይወጣም፤ ስለዚህ ማደሪያው ከሕንፃው ሥር ያለው ሚቅላት፣ ቦምብ መሸሸጊያው ሆነ።

ይህ ሁሉ እንከን እውነት ነው። እውነቱ ደግሞ ይህ ነው፦ ሐኪም አነሣዋለሁ ብሎ ያላነሣውን ሰው ያ ነገር አነሣው። ክብደቱ በሙሉ ጀርባው ላይ ተዘርግቶ ስለሚያርፍ ወገቡ አይታጠፍም፤ እጁ አይደነዝዝም፤ አንገቱን አይሰብርም። ጠዋት ይወጣል፤ በሜዳው መንገድ እስከ ያርቆን ውሃ ድረስ ይሄዳል፤ ተመልሶ መጥቶ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። ቁጭ ብሎ ይበላል! ያርቆን ዳር ስላየው ወፍ ያወራኛል።

«ሌላው ብስክሌት የሚነዳ ሰው የፊት ጎማውን ነው የሚያየው» ይለኛል። «እኔ ሰማዩንና ዛፉን ነው የማየው። ንጉሥ በአልጋው ተሸክመውት ይሄድ የለ? እንደዚያ ነኝ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ቆሻሻውን ይዘው ይውረዱ» እለዋለሁ።

ሊኦራም ለሰንበት ስትመጣ አባቷ በር ከፍቶላት ደነገጠች። የቤታችን ድምፅ ተመለሰ።

ታዲያ አንድ ቀን ስሜነህ መሐል ከተማ፣ በገበያው በኩል አለፈ። እዚያ የእኛ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። ጎበዜም ከእነሱ ጋር ነበር። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው ደካማ ነው። ከሩቅ ሲያዩ አንድ የተጋደመ ሰው፣ እግሩ ወደ ፊት ሆኖ፣ ባንዲራ ተተክሎለት ይመጣል። በእኛ አገር ደግሞ እግሩን አስቀድሞ ከቤት የሚወጣ ሬሳ ብቻ ነው። ሬሳ ሲያልፍ ቁጭ አይባልም። ሽማግሌዎቹ ተያይዘው ተነሡ፤ አንዱ «ይማረው» አለ፤ አንዱ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ስሜነህ የዋህ ነው፤ ለሱ ክብር የተነሡ መሰለው። እጁን አውጥቶ «እንዴት ዋላችሁ!» አላቸው።

ሬሳው ሲናገር የሆነውን አስቡት። አንዱ ሽማግሌ ምርኩዙን ጥሎ ሸሸ አሉ። ሱቅ ደጃፍ የቆሙት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ሰውየው ማን እንደሆነ ከቅርብ ሲታይ የጎበዜ ወንድም ነው። ወሬው እኔ ከሥራ ሳልመለስ አሚሻቭ ደርሶ ነበር።

ጎበዜ ያን ዕለት ማታውኑ ቤታችን መጣ። አልተቀመጠም።

«ሰው አሳቅህብኝ» አለው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰላም ነው ያልኳቸው» አለ ስሜነህ።

«በቁምህ ትገነዛለህ? በቁምህ?» ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ልጅ ነበርህ፤ ከኋላችን እየተከተልህ ነው የመጣኸው። በሱዳን መንገድ አባታችንን በቃሬዛ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከፊቴ ሲሄድ የነበረው የአባታችን እግር ነው። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያ እግር ነው የሚታየኝ። ዛሬ ደግሞ ያንተን አሳየኸኝ!»

ስሜነህ አንገቱን ደፋ። ጎበዜ ለሱ ወንድም ብቻ አልነበረም፤ አባታቸው መንገድ ላይ ከቀረ በኋላ በጀርባው አዝሎ ያወጣው፣ ያሳደገው፣ የዳረው እሱ ነው።

«በአባታችን አጥንት ገዝቼሃለሁ» አለ ጎበዜ። «ሁለተኛ በዚያ ነገር ላይ እግርህን አስቀድመህ እንዳትሄድ።»

ብሎ ወጣ።

የእኛን ሰው ለማያውቅ ልንገረው፤ ግዝት ቀላል አይደለም። በአባት አጥንት የተገዘተ ሰው የገዘተው ራሱ «ፈትቼሃለሁ» እስኪለው ድረስ የታሰረ ነው። ቢጥሰው አባቱን እንደረገጠ ነው። ሊኦራ እዚህ የተወለደች ናት፤ ስልክ ስደውልላት በዕብራይስጥ ጮኸችብኝ። «ኢማ፣ እናቴ፣ ምን ማለት ነው? ቃል ነው እኮ! ይነሣና ይንዳ!» ስልኩን ለአባቷ ሰጠሁት። «ልጄ» አላት ቀስ ብሎ፣ «አንቺ አልታሰርሽም። እኔ ታስሬያለሁ።»

ብስክሌቱን ሚቅላት ውስጥ ግድግዳ አስደግፎ ጨርቅ አለበሰው። ተመልሶም ተኛ።

እኔ እሺ የምል ሴት አይደለሁም። ክፋር አቭራሃም ሄድኩ፤ ጎበዜ ከሚስቱ ከሸጋ ጋር እዚያ ነው የሚኖረው። ሸጋ መልካም ሴት ናት፤ ጎን ለጎን ሆና ለመነችልኝ።

«ጋሽ ጎበዜ፣ እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ» አልኩት። «ይፍቱት። ያ ነገር መድኃኒቱ ነው።»

«መድኃኒት ከሐኪም ነው።»

«ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ነው ያለው። በሌላ መንቀሳቀስ አልቻለም!»

«ይታየሽ» አለኝ፣ «ሬሳ መስሎ ከማየው ታሞ ቢተኛ ይሻለኛል።»

ይችን ቃል ነው ይዤ የኖርኩት። ታሞ ቢተኛ ይሻለኛል። ከዚያ በኋላም ሄጃለሁ፤ ሽማግሌም ልኬያለሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የደነገጡ ስለነበሩ ማንም አጥብቆ አልነገረልኝም።

ስሜነህ ወንድሙን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረውም። እኔ ስናገር ያመዋል፤ ስለዚህ ተውኩት። ወፈረ፤ ስኳር ያዘው፤ ደረጃ መውጣትም አቃተው። አንዳንዴ ሳላስበው ስገባ አልጋው ላይ በጀርባው ሆኖ እግሩ ከብርድ ልብሱ ሥር ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ። ሳየው ያቆማል። እኔም እንዳላየ እሆናለሁ። ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ እከፍታለሁ፣ ሳለቅስ እንዳይሰማኝ።

አንድ ክረምት ልቡ ቆመ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ ጎበዜ ገደለው አልልም። የማልለውን አልልም። ግን ያን ቀን ስሜነህን ከቤት ሲያወጡት እግሩን አስቀድሞ ወጣ። ማንም አልከለከለውም።

ከዚያ ወዲህ ከጎበዜ ጋር ሰላምታ ብቻ ነበር። በዓመቱ መታሰቢያ ላይ ምግብ አቀርብለታለሁ፤ ዓይኑን አላይም። እሱም ከጊዜ በኋላ መምጣት ተወ። ታሟል አሉ። እኔ አልጠየቅኩም።

ዘንድሮ ሚሳኤሉ የበዛ ጊዜ ሕንፃው ሁሉ ሚቅላት ውስጥ ተጨናንቆ ሲያድር፣ ሰው በብስክሌቱ ተሰናከለ። ነገሩ ከበረደ በኋላ የሕንፃው ኮሚቴ ሚቅላቱ ይጽዳ አለ። እውነታቸውን ነው። ለኤሊሻይ ደወልኩለት፤ «የሚፈልገው ሰው አውቃለሁ፣ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለኝ። «በሰደር፣ እሺ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። ብስክሌቱ ግዝት እንዳለበት ከቤቴ ሊወጣ ነው። ስሜነህም እንደታሰረ ነው የተቀበረው።

«ጎበዜ ጋ ልሄድ ነው፤ እንዲፈታው» አልኳት ሊኦራን።

«ኢማ፣ አባ ሞቷል እኮ» አለች። «ማንን ነው የሚፈታው?»

«እኔን።»

ክፋር አቭራሃም በር ስቆረቁር ሸጋ ከፈተችልኝ። አቅፋኝ አልቅሳ ስትጨርስ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እሱ እንደ ድሮው አይደለም» አለችኝ። እግሩን ያመመው መሰለኝ። ገባሁ።

ጎበዜ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያ ግርማ የነበረው ሰው ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። ቁልፉን አንዱን ባንዱ ቀዳዳ አሳስቶ ቆልፎታል። አየኝና ፊቱ በራ።

«የስሜነህ ሚስት! ነይ፣ ነይ፣ ተቀመጭ። ስሜነህስ? ለምን አይመጣም? ወንድሙን ረሳ?»

ሸጋን አየሁ። ዓይኗን ሰበረች። እኔ ግን ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ይዤ ነው የመጣሁት።

«ሞቷል» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጮኸ። «ወንድሜን! ያዘልኩህ ወንድሜ! እኔ እያለሁ!» ደረቱን እየመታ ከወንበሩ ሊወድቅ ሲል ሸጋ ያዘችው። እንዲያ ያለ ለቅሶ በቀብሩም ቀን አልሰማሁም። ያኔ ሰው ነበር፣ ያፍር ነበር፤ ዛሬ ምንም የሚያፍርበት የለም።

«ምነው ይታየሽ፣ ምነው!» አለችኝ ሸጋ። «ቀድሞ እኛም እውነቱን እንነግረው ነበር። በነገርነው ቁጥር አሁን እንደሞተ ነው። ባንድ ቀን ስንት ጊዜ እንቅበረው?»

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጎበዜ ሲያለቅስ ለማየት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ምንም ደስ አላለኝም። 

ውሃ አጠጣችው፤ ዓይኑን ጠረገችለት። ቀስ በቀስ ረጋ። በመስኮቱ መንገዱን ማየት ጀመረ፤ የሚያልፈውን መኪና በጣቱ ይከተላል። ከዚያ ዞር አለና ፊቱ እንደገና በራ።

«የስሜነህ ሚስት! መቼ መጣሽ? ስሜነህስ?»

ሸጋ አየችኝ። አሁን በእጄ ነው። እንደገና ብነግረው እንደገና ሊያለቅስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ላስለቅሰው እችላለሁ።

«ወጥቷል» አልኩት። «ብስክሌት እየነዳ ነው።»

«ብስክሌት? በዚያ ወገቡ?»

«ጋደም ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት ነው። ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ።» ይህን ሆን ብዬ ነው ያልኩት። የሆነ ነገር ዓይኑ ውስጥ ይነቃ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

«ታዲያ አያመውም?»

«አያመውም።»

«እሰይ!» አለ። «እንግዲያ ይንዳ። ልጅ ሆኖ እግሩ እስኪላጥ ሄዷል፤ አሁን ጋደም ብሎ ይሂድ። ይንዳ እንጂ! ማን ከለከለው?»

አፌን ከፈትኩ። «አንቱ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ሸጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማንም» አልኩት።

ስወጣ ሸጋ ደጃፍ ድረስ ሸኘችኝ። «ሰምተሻል፤ ይንዳ ብሏል» አለችኝ እጄን ይዛ። «ፈትቶታል፣ ይታየሽ። ይህን ቁጠሪለት።»

«ያሰረውን የማያውቅ ሰው ምኑን ይፈታል?» አልኳት። ከፍቷት ይሆናል። ቄስ ዘንድ ሄጄ ይቆጠራል ወይ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። ይቆጠራል ቢሉኝስ? ስሜነህ ያን ሁሉ ጊዜ የተኛው አንድ «ይንዳ» ጠፍታ ነው። ይችው ናት፣ አንድ ትንፋሽ።

በማግሥቱ ኤሊሻይ ብስክሌቱን ሊወስድ ሲመጣ ሚቅላቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ማንም አይወስደውም» አልኩት። «መንዳት አስተምረኝ።»

«አንቺን?»

«ምነው፣ እኔ ወገብ የለኝም?»

ዕድሜ ልኬን የሰው ቢሮ ወለል ስወለውል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ወገብ እንዳለኝ ማታ ማታ ይነገረኛል። ኤሊሻይ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። የፊቱን ብረት ወደ ውስጥ ገፍቶ ለእግሬ አሳጠረልኝ፤ ጎማውን ነፋ፤ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባው። ቀሚስ አይሆንም፣ ሰንሰለቱ ይበላዋል አለኝ፤ የሊኦራን ሱሪ ለበስኩ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅሁ። «አትፍሪ፣ ከመሬት ቅርብ ነሽ፤ የትም አትወድቂም!» ይለኛል። ሊኦራ ቆማ ታያለች። «ኢማ፣ ዳይ፣ ይበቃል» አለች መጀመሪያ። በኋላ ግን ከኋላ መቀመጫውን ይዛ ሮጠች።

አርብ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ለሰንበት በሚገዛዛበት ሰዓት፣ ከአሚሻቭ በትልቁ መንገድ ወጣሁ። እግሬን አስቀድሜ። አንዱ ሾፌር ጡሩንባውን ነፋብኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የቆመች የእኛ ሴት አፏን ይዛ «ኧረ ጉድ! ምን ሆነሽ ነው ይታየሽ?» አለች። «ምንም አልሆንኩ፤ መንገድ ላይ ነኝ» አልኳት። ዳገቱ እስኪያልቅ ቀስ፣ ቀስ። ከዚያ ሜዳው መጣ፣ ወደ ያርቆን የሚወስደው፤ ፔዳሉ ቀለለኝ፤ ጀርባዬን ለመረቡ ሰጠሁት።

ያኔ ነው ያወቅኩት። ወገቤን አላመመኝም። አንገቴን አላመመኝም። ዛፉ ከላይ ያልፋል፤ ሰማዩ አይንቀሳቀስም። እኔ እስከዚያች ቀን ለስሜነህ ሳዝን የቀረበትን ነገር ሳላውቅ ነው ያዘንኩት። ለካ ይህን ነው። ለካ ይህን ያህል ነው።

ጋደም ብሎ የሚያለቅስ ሰው እንባው ወደ ጉንጩ አይወርድም፤ ወደ ጆሮው ነው የሚሄደው። መሪውን ለቅቄ መጥረግ አልቻልኩም፤ ገና ለማጅ ነኝ። እንዲሁ ነዳሁ።